ካንሰርን የሚያክም መድኃኒት ቆዳን ሲያሳክክ

የሰውነትን በሽታ የመከላከል አቅም አነቃቅተው ካንሰርን የሚያክሙ፣ ኢሚዩኖቴራፒ የሚባሉ መድኃኒቶች ከሚያስከትሏቸው የጎንዮሽ ጉዳቶች ቀድመውና በርክተው ከሚታዩት ውስጥ የቆዳ ችግር ይገኝበታል። ከቆዳ ችግሮቹም ማሳከክ ዋነኛው ነው። አንዱ ታካሚ ሽፍታ ወጥቶበት ያሳክከዋል፤ ሌላው ቆዳው ላይ አንዳች ምልክት ሳይታይ ከራስ ቅሉ እስከ ውስጥ እግሩ ይበላዋል። እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ከአሥር ታካሚዎች ከአንድ እስከ ሦስቱ ይህ ያጋጥማቸዋል። ሁለት መድኃኒቶች በአንድነት ሲሰጡ ደግሞ ቁጥሩ ከፍ ይላል። እንቅልፍ የሚነሳውና ራስን ችሎ መዋልን የሚከለክለው ከባዱ ማሳከክ ከመቶ ታካሚዎች በጥቂቶች ላይ ብቻ ይደርሳል፤ ለእነዚያ ጥቂቶች ግን ከካንሰሩ ሕመም በላይ የሚያማርር ሊሆን ይችላል።

ችግሩን የሚያባብሰው ነገር ማሳከክ እንደ ቀላል ነገር መታየቱ ነው። ካንሰር የያዘው ሰው "አሳከከኝ" ብሎ ሐኪም ለማስቸገር ያፍራል። ሐኪሙም ለሕይወት ይበልጥ አስጊ በሆኑት በሳንባ፣ በጉበትና በአንጀት ጉዳቶች ላይ ያተኩራል። በዚህ መካከል በአንድ ቱቦ ቅባት ሊገታ ይችል የነበረ ማሳከክ ለሳምንታት ይቆይና ቆዳውን አቁስሎ፣ እንቅልፍ አሳጥቶ፣ አንዳንዴም ጥሩ እየሠራ ያለውን የካንሰር ሕክምና እስከ ማቋረጥ ያደርሳል።

የማሳከኩ ምንጭ መድኃኒቱ የሚሠራበት መንገድ ራሱ ነው። ቲ ሴል የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ሥራቸውን የሚገቱ፣ እንደ መኪና ፍሬን ያሉ ፕሮቲኖች አሏቸው፤ ሲቲኤልኤ-4 እና ፒዲ-1 ከታወቁት መካከል ናቸው። ፍሬኑ ሰውነት የራሱን አካል እንዳያጠቃ ይጠብቃል። ካንሰር ደግሞ ይህንኑ ፍሬን ተጠቅሞ ከጥቃት ያመልጣል። አሜሪካዊው ጄምስ አሊሰንና ጃፓናዊው ታሱኩ ሆንጆ ፍሬኑን በመልቀቅ ካንሰርን መዋጋት እንደሚቻል በማሳየታቸው እ.ኤ.አ. በ2018 የሕክምና ኖቤል ሽልማትን ተጋርተዋል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2011 ኢፒሊሙማብ፣ በ2014 ደግሞ ፔምብሮሊዙማብና ኒቮሉማብ በአሜሪካ ለሜላኖማ፣ ማለትም ለአደገኛው የቆዳ ካንሰር፣ ተፈቅደው ነበር። ዛሬ ለሳንባ፣ ለኩላሊት፣ ለፊኛና ለሌሎች በርካታ ካንሰሮች ይሰጣሉ። ፍሬኑ ሲለቀቅ ቲ ሴሎቹ ዕጢውን ብቻ ለይተው አያጠቁም። ቆዳ ደግሞ ቲ ሴሎች በብዛት ከሚኖሩባቸው የሰውነት ክፍሎች አንዱ ነው።

የነቁት ሕዋሳት ኢንተርሉኪን-4፣ ኢንተርሉኪን-13 እና ኢንተርሉኪን-31 የተባሉ የመልእክት ኬሚካሎችን ሊለቁ ይችላሉ። እነዚህ ኬሚካሎች በቆዳ ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን የማሳከክ ነርቮች በቀጥታ ይቀሰቅሳሉ። ትንኝ ስትነድፍ ወይም አለርጂ ሲነሳ ከሚመጣው፣ በሂስታሚን ከሚቀሰቀሰው ማሳከክ ይህ የተለየ መስመር ነው። ብዙ ታካሚዎች ከፋርማሲ የገዙትን የአለርጂ ክኒን ለቀናት ውጠው "ምንም አልሠራልኝም" የሚሉት ከዚህ የተነሣ ነው። ክኒኑ የሚዘጋው የሂስታሚንን መንገድ ነው፤ ማሳከኩ ደግሞ በሌላ በኩል እየመጣ ሊሆን ይችላል።

ማከክ ለቅጽበት የሚያሳርፈው የፈጠረው ቀላል ሕመም የማሳከኩን ምልክት በአከርካሪ አጥንት ውስጥ ባለው ሕብለ ሰረሰር ላይ ስለሚያፍነው ነው። ሆኖም ጥፍር የቆዳውን የላይኛ ሽፋን ይቀድዳል፤ የተጎዳው ቆዳም ተጨማሪ የማሳከክ ኬሚካሎችን ይለቃል፤ ነርቮቹም ይበልጥ ይቆጣሉ። ሌሊት ሲሆን ነገሩ ይከፋል። የቆዳ ሙቀት ይጨምራል፣ ቆዳ ይዞት የነበረውን እርጥበት በፍጥነት ያጣል፣ ሰውነት ራሱ የሚያመነጨው ኮርቲዞል ዝቅ ይላል፤ ሐሳብን የሚወስድ ሥራም የለም። ታካሚው በእንቅልፍ ልቡ ሲያክክ አድሮ አንሶላው ላይ ደም ያገኛል።

ማሳከኩ በአብዛኛው ሕክምናው በተጀመረ ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንታት ውስጥ ይታያል፤ ከወራት በኋላ፣ እንዲያውም ሕክምናው ካበቃ በኋላ የሚጀምርበት ጊዜም አለ። ሐኪሞች በደረጃ ይከፍሉታል። በአንድ ቦታ የተወሰነውና በቅባት የሚታገሠው አንደኛ ደረጃ ነው። ሁለተኛው በመላ ሰውነት እየመጣ የሚሄድ፣ የማከክ ቁስልና ሻካራነት የሚያስከትል፣ ምግብ ማብሰልና ገበያ መውጣትን የመሰለ የዕለት ሥራን የሚያውክ ነው። ሦስተኛው የማያቋርጥ፣ እንቅልፍ የሚነሳ፣ መታጠብና መልበስን እንኳ የሚያስቸግር ነው። ሕክምናው የሚመረጠው በዚህ ደረጃ ነውና ታካሚው ለሐኪሙ የሚናገረው ዝርዝር ትልቅ ዋጋ አለው። "ትንሽ ያሳክከኛል" ከማለት ይልቅ በሳምንት ስንት ሌሊት እንዳልተኛ፣ ደም እስኪወጣ ማከክ አለማከኩን፣ ከዜሮ እስከ አሥር ባለው መለኪያ ስንት እንደሚሰጠው መናገር ይጠቅማል። ኢትዮጵያዊ ታካሚ፣ በተለይ በዕድሜ የገፋ፣ ሕመሙን አሳንሶ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ" ብሎ የማለፍ ልማድ አለው። ትሕትናው የሚያስመሰግን ነው፤ ደረጃ ለሚሰጠው ሐኪም ግን እውነቱን ይሸፍንበታል። አብሮት የሚሄደው ልጁ ወይም የትዳር ጓደኛው ሌሊቱ እንዴት እንዳለፈ ቢጨምርበት መልካም ነው።

የሁሉም ደረጃ መሠረት የቆዳ እንክብካቤ ነው፤ ተራ ስለሚመስል ብዙ ሰው ይዘለዋል። ደረቅ ቆዳ ማሳከክን ያባብሳል። መታጠቢያው ለብ ያለ ውሃ ይሁን፣ ከአሥር ደቂቃ ባይበልጥ ይመረጣል፤ ፍል ውሃ ሲወርድ ደስ ቢልም ቆይቶ ማሳከኩን አብዝቶ ይመልሰዋል። ሽታ የሌለው፣ ለስላሳ ሳሙና በብብት፣ በብልት አካባቢና በእግር ላይ ብቻ ይበቃል። ሰውነትን በፎጣ ሳይፈትጉ ዳበስ ዳበስ አድርጎ፣ ቆዳው እርጥበቱን እንደያዘ ወዲያው ቅባት መቀባት ያስፈልጋል። ተራ ቫዝሊን ርካሽና ጥሩ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በመጠኑ ነው፤ መላ ሰውነቱ የደረቀ ጎልማሳ በሳምንት ከ250 እስከ 500 ግራም ቅባት ሊፈጅ ይችላል፤ ትንሿ ቆርቆሮ ወር ከቆየች በቂ አልተቀባም ማለት ነው። ቅባት የጠገበ ልብስና አንሶላ እሳት በቀላሉ ስለሚይዝ ከከሰል ምድጃ፣ ከሻማና ከጧፍ መራቅ የግድ ነው።

ጥፍር በአጭሩ ይቆረጣል። ከሱፍ ብርድ ልብስ ይልቅ የጥጥ ጋቢ ወይም አንሶላ ገላን ቢነካ ይሻላል። ማሳከኩ ሲነሳ በጥፍር ከማከክ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ መጫን ወይም ማቀዝቀዣ ውስጥ የቆየ ሎሽን መቀባት ነርቩን ያደነዝዛል፤ አንድ በመቶ ሜንቶል ያለበት ሎሽንም ይህንኑ ይሠራል። ሎሚ ማሸት፣ አልኮል መቀባት፣ ጤና አዳም ጨምቆ መለቅለቅ መቅረት አለባቸው። ሎሚና ጤና አዳም ቆዳ ላይ ሆነው ፀሐይ ሲያገኛቸው ቆዳን የሚያቃጥል ኬሚካል አላቸው፤ በማከክ የተላጠ ቆዳ ላይ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። ፀበል የሚጠመቅ ታካሚን ቀዝቃዛው ውሃ ለጊዜው ያሳርፈዋል። ከጥምቀቱ በኋላ ቆዳው ሳይደርቅ ቅባቱን ቢቀባና የታዘዘለትን መድኃኒት ባያቋርጥ ሁለቱ አይጋጩም።

ከእንክብካቤው ቀጥሎ የሚመጣው የስቴሮይድ ቅባት ነው። ለፊት፣ ለብብትና ለብሽሽት ደካማው ሃይድሮኮርቲዞን፣ ለቀረው ሰውነት ጠንከር ያለው ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታዞል ይታዘዛል። ከጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው አንጓ የሚወጣ ቅባት ሁለት መዳፍ ለሚያህል ቆዳ ይበቃል። በዚህ ቅባት ዙሪያ ሁለት ተቃራኒ ስሕተቶች አሉ። አንዳንዱ ስቴሮይድ የሚለውን ስም ሰምቶ ጨርሶ ይፈራዋል፤ በሐኪም ቁጥጥር ለተወሰነ ጊዜ ሲቀባ ግን የካንሰሩን ሕክምና ያደናቅፋል የሚያሰኝ ምክንያት የለም። ሌላው ደግሞ ያለ ትእዛዝ ለፊት ማንጫ ከሚሸጡት ክሬሞች ውስጥ ያው ክሎቤታዞል መኖሩን ሳያውቅ ለዓመታት ሲቀባው ቆይቷል። እንዲህ ያለ ክሬም የሚጠቀም ታካሚ ሳያፍር ለሐኪሙ መንገር አለበት፤ ቆዳው ቀድሞ ሳስቶ ከሆነ የሚታዘዝለት ቅባት ይለወጣልና።

ቅባት ብቻውን ካልበቃ ክኒን ይጨመራል። ሴቲሪዚንና ሎራታዲን የመሳሰሉ ፀረ ሂስታሚኖች በየፋርማሲው የሚገኙና ለመጀመር ምቹ ናቸው። የድሮዎቹና እንቅልፍ የሚያስይዙት፣ ለምሳሌ ሃይድሮክሲዚን፣ ሌሊቱን ለማሳለፍ ይረዳሉ፤ ሆኖም አረጋውያንን ሊያደናግሩና ሊጥሉ፣ የፕሮስቴት ችግር ያለበትን ወንድ ሽንት ሊከለክሉ ይችላሉ። ሂስታሚን ያልቀሰቀሰውን ማሳከክ ለማብረድ የነርቭ መድኃኒቶቹ ጋባፔንቲንና ፕሪጋባሊን የተሻለ ተስፋ አላቸው፤ መጠናቸው በኩላሊት አቅም ይወሰናል። ለድብርት የሚሰጠው ሚርታዛፒን በትንሽ መጠን ማታ ሲወሰድ ማሳከክንም እንቅልፍ ማጣትንም ያቃልላል። ከኬሞቴራፒ በኋላ ለሚመጣ ማቅለሽለሽ የተሠራው አፕረፒታንትም የማሳከክ ምልክት በሚተላለፍበት መንገድ ላይ ጣልቃ ስለሚገባ በአንዳንድ ታካሚዎች ላይ ውጤት አሳይቷል። በልዩ የአልትራቫዮሌት ጨረር ቆዳን ማከምም መሣሪያው ባለበት ቦታ ሌላ አማራጭ ነው።

ለከባዱ ደረጃ ሐኪሞች ፕሬድኒሶሎን በአፍ ያዛሉ፤ በአብዛኛው በኪሎ ክብደት ከግማሽ እስከ አንድ ሚሊግራም ተጀምሮ በሳምንታት ውስጥ ቀስ እየተባለ ይቀነሳል። የካንሰር መድኃኒቱም ለጊዜው ሊቆም ይችላል። በአፍ የሚወሰድ ስቴሮይድ የነቃውን የመከላከያ ሥርዓት መልሶ ስለሚያዳክም የኢሚዩኖቴራፒውን ጥቅም ይሽረዋል የሚለው ስጋት በታካሚዎችም በሐኪሞችም ዘንድ አለ። የጎንዮሽ ጉዳትን ለማከም ለአጭር ጊዜ መወሰዱ ውጤቱን በግልጽ እንዳበላሸ የሚያሳይ ጠንካራ ማስረጃ የለም፤ ሕክምናው ሲጀመር ቀድሞ በስቴሮይድ ላይ መሆን ግን ደካማ ውጤት ካላቸው ታካሚዎች ጋር ተያይዞ ታይቷል። ስለዚህ የአሁኑ አቅጣጫ ማሳከኩን የሚያመጣውን መንገድ ብቻ ለይቶ ወደሚዘጋ መድኃኒት ማዘንበል ነው። ዱፒሉማብ የኢንተርሉኪን-4 እና የኢንተርሉኪን-13ን መልእክት ያቋርጣል። ኦማሊዙማብ ደግሞ አይጂኢ የተባለውን የአለርጂ ፀረ እንግዳ አካል ይይዛል፤ በ2020 በወጣ ጥናት ሌላ መድኃኒት እምቢ ካላቸው 34 የካንሰር ታካሚዎች 28ቱ በዚህ መድኃኒት ተሽሏቸዋል። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ግን ሌሊት ለማይተኛ ሰው ቀላል ዜና አይደለም። ሁለቱም ውድ በመሆናቸው በአብዛኛው የሚታሰቡት የካንሰርና የቆዳ ሐኪም በጋራ ሲመክሩ ነው።

በኢሚዩኖቴራፒ ላይ ያለ ሰው ያሳከከው ሁሉ በመድኃኒቱ የመጣ አይደለም፤ እዚህ ላይ መቸኮል ዋጋ ያስከፍላል። ዓይኑ ቢጫ የሆነና ሽንቱ የጠቆረ ሰው ማሳከክ ከጉበት ሊሆን ይችላል፤ ጉበቱም በመድኃኒቱ ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል የደም ምርመራ አይዘገይም። መድኃኒቱ የታይሮይድ ዕጢን ሲያዳክም ቆዳ ይደርቃል፣ ያሳክካልም። ለሕመም ማስታገሻ የሚሰጠው ሞርፊንም ያሳክካል። በጣቶች መካከል፣ በእጅ አንጓና በወገብ ዙሪያ የበረታ፣ ሌሊት የሚብስና ሌሎች የቤተሰብ አባላትንም የያዘ ማሳከክ ከሆነ እከክ መሆኑ ሊጠረጠር ይገባል። እከክን በስቴሮይድ ማከም በሽታውን የሚያመጡትን ጥቃቅን ነፍሳት ያበዛል፤ መከላከያው የተዳከመ ሰው ላይ መላ ሰውነትን በቅርፊት የሚሸፍን ከባድ ዓይነት ሊፈጥርም ይችላል። በዕድሜ በገፉ ታካሚዎች ላይ ለሳምንታት ወይም ለወራት ያለ ሽፍታ የቆየ ማሳከክ ቡለስ ፔምፊጎይድ የተባለው፣ በኋላ ውሃ የቋጠሩ ትላልቅ እብጠቶችን የሚያወጣው በሽታ መነሻ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ይህ በቆዳ ናሙና ይረጋገጣል፤ ሕክምናውም የተለየ ነው። ትኩሳት፣ የቆዳ ሕመም፣ የቆዳ መላጥ፣ የፊት እብጠት ወይም በአፍ፣ በዓይንና በብልት ላይ ቁስል ከመጣ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል።

የቆዳ ቀለም በዚህ ጉዳይ ላይ የሚያመጣውን ችግር የሕክምና መጻሕፍት ዘግይተው ነው ያስተዋሉት። ብዙዎቹ የሽፍታ ሥዕሎች የተነሡት በነጭ ቆዳ ላይ ነው፤ "ቀይ ሽፍታ" የሚለው መግለጫም ከዚያው የመጣ ነው። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ያው ሽፍታ ወይን ጠጅ፣ ግራጫ ወይም ከአካባቢው የጠቆረ ሆኖ ይታያል፤ ደብዛዛ ብርሃን ባለበት ክፍል ጨርሶ ላይታይ ይችላል። ሐኪሙ "ሽፍታ የለም" ብሎ ሲጽፍ ደረጃው ዝቅ ይላል፣ ሕክምናውም ይዘገያል። ቆዳውን በቀን ብርሃን ማየትና በጣት መዳሰስ ይረዳል። ታካሚውም ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት የተነሣውን ፎቶ ይዞ ቢሄድ ለውጡ ጎልቶ ይወጣል።

ለኢትዮጵያዊ ታካሚ፣ የትም ይኑር የት፣ የሚጨመር አንድ ጥንቃቄ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ኒቮሉማብና ፔምብሮሊዙማብን በ2019 ለሜላኖማ መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ቢያስገባም፣ በአሜሪካ ገበያ የፔምብሮሊዙማብ የሦስት ሳምንት መጠን ዋጋ ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ነው፤ ከኢትዮጵያውያን ይህን ሕክምና በቀላሉ የሚያገኙት በአብዛኛው በአሜሪካ፣ በእስራኤልና በአውሮፓ በመድን የሚታከሙት ናቸው። የሚያክሟቸው ሐኪሞች ደግሞ ታካሚው በልጅነቱ በባዶ እግሩ በገጠር መሄዱን አያውቁም። ስትሮንጂሎይድስ የተባለው የአንጀት ትል በባዶ እግር ከአፈር ይገባል፤ በሰውነት ውስጥ ራሱን እያባዛ ለአሥርተ ዓመታት ያለ ምልክት ይኖራል። አንዳንዴ ራሱ ማሳከክ ያመጣል፤ ኢሲኖፊል የተባሉትን የደም ሕዋሳትም ያበዛል። እነዚህ ሁለቱም ምልክቶች የኢሚዩኖቴራፒው ይመስላሉ። ለማሳከኩ ፕሬድኒሶሎን ሲሰጥ ትሉ ያለ ልክ ተራብቶ መላ ሰውነትን ሊወርና ሊገድል ይችላል። ትሉን በደም ምርመራ መፈለግና የሚገድለውን አይቨርሜክቲን መስጠት ቀላል ነው። ስለ ቲቢና ስለ ሄፓታይተስ ቢም ስቴሮይድ ከመጀመሩ በፊት መጠየቅ ያስፈልጋል። "የተወለድሁት ኢትዮጵያ ገጠር ነው" የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር በካርዱ ላይ መጻፉ ሕይወት ሊያድን ይችላል።

ለበዓል ወይም ለለቅሶ ወደ ሀገር ቤት የሚመጣ ታካሚ የመድኃኒቱን ስምና የመጨረሻውን መርፌ ቀን የያዘ ደብዳቤ በቦርሳው ቢይዝ መልካም ነው፤ በየጤና ጣቢያው ያለ ባለሙያ ይህን የመድኃኒት ዓይነት ያላየ ሊሆን ይችላልና። አዲስ አበባ ውስጥ በቆዳ ሕክምና የታወቀው አለርት ሆስፒታል አለ።

ማሳከክ መድኃኒቱ እየሠራ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ነው የሚል ወሬ በታካሚዎች ዘንድ ይሰማል። የቆዳ ጉዳት የታየባቸው ሰዎች በአማካይ ረዘም ላለ ጊዜ እንደኖሩ የዘገቡ ጥናቶች በእርግጥ አሉ። ነገር ግን ረጅም ጊዜ የኖረና የታከመ ሰው የጎንዮሽ ጉዳት የሚያጋጥመው ዕድልም ያንኑ ያህል ይሰፋል፤ ይህ ንጽጽሩን ያደናግረዋል። ያላሳከከው ሰው ተስፋ የሚቆርጥበት፣ ያሳከከውም ማሳከኩን ታግሦ የሚቀመጥበት ምክንያት የለም። ለሐኪም ከተነገረ ሕክምናው ይቋረጣል የሚለው ፍርሃትም በብዛት እውነት አይሆንም። አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ላይ የካንሰር መድኃኒቱ እንደቀጠለ ማሳከኩ ይታከማል፤ ሦስተኛው ደረጃም ሲበርድ ሐኪሙ መድኃኒቱን መልሶ መጀመር የሚችልበት ጊዜ ብዙ ነው። የሚያስቋርጠው ዘግይቶ የተነገረው ነው።

መድኃኒቱ ከሰውነት ቶሎ አይወጣም። የፔምብሮሊዙማብና የኒቮሉማብ መጠን በደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ 25 ቀን ገደማ ይፈጃል፤ በቲ ሴሎች ላይ የሚያሳድሩት ተጽዕኖም ለወራት ይቆያል። ስለዚህ አንድ መርፌ ዘለልሁ ብሎ ማሳከኩ በሳምንት እንዲጠፋ መጠበቅ አይቻልም። ከማከክና ከሽፍታው በኋላ የሚቀረው ጥቁር ነጠብጣብ በጠይም ቆዳ ላይ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይታያል፤ የፀሐይ መከላከያ ቅባት ይበልጥ እንዳይጠቁር ይረዳል። በሜላኖማ ታካሚዎች ላይ ደግሞ ለምጥ የሚመስል ነጭ ንጣፍ ሊወጣ ይችላል፤ እርሱ አያሳክክም፣ ብዙውን ጊዜም እንደወጣ ይቀራል። የመጨረሻው መርፌ ከተሰጠ ከወራት በኋላ አዲስ ማሳከክ የጀመረው ሰውም ለሚያክመው ሐኪም ቀድሞ የወሰደውን መድኃኒት ስም መናገር ይኖርበታል።